«ያለ እሱ አይሆንም»

በአማርኛ ተናጋሪዎች ቤት፣ ሰፈርና መሥሪያ ቤት በየዕለቱ ከሚነገሩ አባባሎች መካከል «ያለ እሱ አይሆንም» የሚለውን ያህል ሥራ የበዛበት አይገኝም። ገበሬው ስለ ዝናብ፣ የስኳር ሕመምተኛው ስለ ኢንሱሊን፣ የቤት እመቤቷ ስለ ቡናዋ፣ ለፈተና የሚያጠናው ተማሪ ስለ ጫቱ፣ ጎረምሳው ስለ ስልኩ የሚናገሩት በዚሁ በአንድ አባባል ነው። የሚናገሩበት ድምፅ ግን የጉዳዩን ክብደት ተከትሎ አይሄድም፤ ዝናብ የዘገየበት ገበሬ ሰማይ ሰማዩን እያየ ዝም ሲል፣ ቡና የዘገየበት አባወራ የቤቱን ሰው ሁሉ መቀመጫ ያሳጣል።

አንድ አባባል ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን ስለሚያገለግል፣ አስፈላጊ የሆነው ነገርና ሱስ የሆነው ነገር ሳይለዩ ተደባልቀው ይኖራሉ። በዚህ ጽሑፍ አስፈላጊ የሚባለው፣ ሰውነት ወይም ኑሮ ሲያጣው የሚጎዳበትና ዕጦቱ በቆየ መጠን ጉዳቱ እየከፋ የሚሄድበት ነገር ነው። ሱስ የሚባለው ደግሞ አንድን ነገር ደጋግሞ ከመውሰድ ወይም ደጋግሞ ከማድረግ የተነሣ አእምሮና ሰውነት ያለ እሱ መረጋጋት የሚሳናቸው፣ ሰውየውም «ይብቃኝ» ለማለት አቅም የሚያጣበት ሁኔታ ነው። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ሲነበብ ግልጽ ነው፤ ጠዋት ቡና ሳይፈላ ግን ያን ያህል ግልጽ አይደለም።

አስፈላጊ የሆነ ነገር ሁሉ በጥያቄው ብርታት ይታወቃል ብሎ የሚያምን ሰው ቢኖር አዮዲንን ቢመለከት ይበቃዋል። አንድ ጤናማ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው የአዮዲን መጠን 150 ማይክሮግራም ብቻ ሲሆን፣ ይህም የአንድ ግራም ስድስት ሺህኛ እጅ እንኳ አይሞላም። ዝናብ አፈሩን ለዘመናት ባጠበባቸው ደጋማ አገሮች ይህችው ቅንጣት ስለምትጠፋ እንቅርት የብዙ ሰው አንገት ጌጥ ሆኖ ኖሯል፤ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረትም እንቅርትን እንደ ብርቅ ነገር አያወራም። ከእንቅርቱ የሚብሰው ደግሞ ዕጦቱ በማሕፀን ባለ ሕፃን የአእምሮ ዕድገት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ይህን ሁሉ ጥፋት የሚያደርስ ዕጦት ሆኖ ሳለ፣ «አዮዲን አማረኝ» ብሎ ከእንቅልፉ የባነነ፣ አዮዲን ዘገየ ብሎም ሚስቱን የተቆጣ ሰው አልታየም። ሰውነት እጅግ የሚያስፈልገውን ነገር እንኳ ስሙን ሳያውቅ ይኖራል፤ ቢቀርበትም ድምፁን ሳያሰማ ይጎዳል።

የኢንሱሊንም ታሪክ ከዚህ ጋር ይስማማል። በጥር 1922 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን የተወጋ የመጀመሪያው የስኳር ሕመምተኛ ሆነ፤ ከዚያ በፊት ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ብዙ ዕድሜ አይጠበቅለትም ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ኢንሱሊን የብዙ ሚሊዮን ሰዎች ነፍስ ማቆያ ሆኗል፤ ነገር ግን መርፌው ሲመጣ የሚደሰት ሕፃን የለም፣ የሚደበቅ እንጂ። አስፈላጊ ነገር ያለ አምሮት፣ እንዲያውም በጥላቻ ሊወሰድ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ሱስ አሠራሩ ሌላ ነው። በ1819 ሩንገ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት፣ ገጣሚው ጎተ የሰጠውን የቡና ፍሬ መርምሮ ካፌይን የተባለውን አነቃቂ ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ካፌይን በአንጎል ውስጥ የሚሠራው ሥራ የሚገባው ግን አዴኖሲን የተባለውን ሌላ ንጥረ ነገር ላወቀ ሰው ነው፤ አዴኖሲን አንጎል ሲሠራ በዋለ ቁጥር የሚጠራቀምና ከተቀባዮቹ ጋር ሲገናኝ የድካምና የእንቅልፍ ስሜት የሚያመጣ ነው። ካፌይን በነዚሁ ተቀባዮች ላይ ቀድሞ ስለሚቀመጥ፣ ድካሙ ሳይጠፋ የድካሙ መልእክት ብቻ ይታገዳል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም አንጎል የታገደበትን መልእክት ለመስማት ተቀባዮቹን ያበዛል፤ ስለዚህም ትናንት በአንድ ሲኒ የነቃ ሰው ዛሬ ሁለት ይሻል፤ ሲኒው በቀረ ዕለት ደግሞ የበዙት ተቀባዮች ሁሉ ባንድ ጊዜ አዴኖሲን ስለሚያገኙ የአንጎል የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ራስ ይፈለጣል፣ ሰውየው ይደብተዋል፣ ይነጫነጫል። አማርኛ ይህን ሁኔታ ሀራራ ይለዋል። እንግዲህ የጠዋቱ ቡና ከሚሰጠው ደስታ ከፊሉ የትናንቱ ቡና ያመጣውን ጉድለት መሙላት ነው፤ ሱስ ራሱ የቆፈረውን ጉድጓድ ራሱ ሲደፍን ምስጋና ይቀበላል።

ሁለቱን የሚለያቸው እንግዲህ የሚያሳድሩት ሕመም አይደለም፤ የቡና ራስ ምታትና የረኃብ ራስ ምታት በአንድ ግንባር ላይ በአንድ ጊዜ ሊገኙ ይችላሉና። የሚለያቸው ጊዜ ነው። ቡና ያቋረጠ ሰው የሚሰማው ሕመም ከመጨረሻው ሲኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ቀን ይበረታል፣ ቢበዛ በዘጠኝ ቀን ገደማ ደግሞ ጨርሶ ይለቃል። እህል ያቋረጠ ሰው ግን በአሥረኛው ቀን ከመጀመሪያው ቀን የባሰ ላይ ነው፤ በሠላሳኛው ቀን ደግሞ ስለ ልዩነቱ የሚከራከርበት አቅም አይኖረውም። የሱስ ዕጦት ሲቆይ ይድናል፤ የአስፈላጊ ነገር ዕጦት ሲቆይ ይገድላል።

ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ የሚሻ ሰው የዐቢይ ጾምን የመጀመሪያ ሰኞ መጠበቅ ይበቃዋል። እስከ 9 ሰዓት ለመጾም ቆርጣ ከቤቷ የወጣች የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ስትታይ፣ ግንባሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ፣ በሁለት ጣቷ ጆሮ ግንዷን እየደገፈች፣ ባለጉዳይ ሲያናግራት ዓይኗን ጨፍና ትመልሳለች። ስለ ምግብ ብትጠየቅ እንዳልራባት በእውነት ትናገራለች። ሆዷ ከተፈጠረ ጀምሮ እህል የሚያስፈልገው ሲሆን ታግሦ ተቀምጧል፤ ቡና የለመደው ጭንቅላቷ ግን ጾሙን አልተቀበለም። በረመዳን መጀመሪያም የቡና ወዳጅ በሆነ ሙስሊም ቤት የሚታየው ይኸው ነው። ጾሙ ሳምንት ሲያልፈው ራስ ምታቱ ይጠፋል፤ ረኃቡ ግን በየቀኑ በሰዓቱ ይመጣል፤ አስፈላጊነት ሥራውን በሰዓቱ የሚሠራ በመሆኑ ጩኸት አያበዛም።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ መጨመር ተገቢ ነው። የመጀመሪያው፣ ለረጅም ዘመን አልኮል ያለ ልክ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም ለሕይወቱ ሊያሰጋው ስለሚችል፣ የሱስ ዕጦት ሁሉ ያለ ሐኪም ይታለፋል ማለት አይቻልም። ሁለተኛው፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ በሐኪም ትእዛዝ ሞርፊን የወሰደ ሕመምተኛ ሰውነቱ መድኃኒቱን ሊለምድና ሲቋረጥበት ሊታመም ይችላል፤ ይህ ግን በሕክምና ጥገኝነት የሚባለው እንጂ ራሱን ችሎ ሱስ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያዎችም በ1964 ጥገኝነት የሚለውን ስያሜ የመረጡት ሱስና ልማድ የሚሉት ቃላት እየተደባለቁ ስላስቸገሩ ነው። በ2022 ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምድብም የሱስን ችግር የሚያውቀው ከሰውነት መልመድ በተጨማሪ በሁለት ነገሮች ነው፤ አንደኛው ልክን መወሰን አለመቻል፣ ሌላው ሱሱ ከሌላው የኑሮ ጉዳይ ሁሉ ቀድሞ መሰለፉ ነው። ይህን የመጨረሻውን ምልክት ለማየት ሐኪም መሆን አይጠይቅም፤ የወር አስቤዛ የሚሸመትበትን ቀን መታዘብ ይበቃል። ዘይት ሲወደድ ዘይት ይቀነሳል፣ ሥጋ ሲወደድ ሥጋ ይቀራል፤ ቡና ሲወደድ ግን የሚቀነሰው ሌላ ነገር ነው።

ጫትን የተመለከተ እንደሆነ ጉዳዩ ይበልጥ ይገለጣል። በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚዳከም፣ ጫት ከማሳ ወደ ገበያ የሚሄድበት ፍጥነት በሽተኛ የጫነ መኪና የሚቀናበት ነው። በርጫ ላይ፣ ማለትም በመቃሚያው ጉባኤ ላይ የተቀመጠ ቃሚ ምርቃና የሚባለው የመነቃቃት ስሜት ሲመጣለት አገር የሚያለማ ዕቅድ ያወጣል፤ ሲመሽ ግን ያው ምርቃና እንቅልፍ ስለሚነሣው ጨብሲ ያስፈልገዋል፤ ጨብሲ የሚባለው ምርቃናን ለመስበር የሚወሰድ መጠጥ ነው። ብሩ ካለቀ ደግሞ ተለቅሞ የተጣለውን ገራባ እንደገና እየበረበረ አንዲት ለስላሳ ቅጠል ሲፈልግ ያመሻል። እንጀራ ለበላ ሰው የእንጀራ ማርከሻ አይቀርብለትም፤ ውኃ የጠጣም ሰው የውኃውን ሥራ የሚያፈርስ ሌላ ነገር ፍለጋ ከቤት አይወጣም። ማርከሻ የሚያስፈልገው ነገር አስፈላጊ የመሆኑ ጉዳይ አጠያያቂ ነው።

ሱስ ግን ይህን ሁሉ ማስረጃ ሰምቶ የሚረታ ባላጋራ አይደለም፤ ከአስፈላጊነት የሚለይበትም አንዱ ነገር የጠበቃው ብዛት ነው። ውኃ እንዲጠጣ የሚያሳምን ንግግር ያደረገ የተጠማ ሰው የለም፤ ቃሚ ግን ጫት ትምህርት እንደሚገልጥ፣ አጫሽ ሲጋራ ምግብ እንደሚያንሸራሽር፣ ጠጪ አንድ ብርጭቆ ለደም ዝውውር እንደሚበጅ በጥቅስና በምሳሌ ያስረዳል። ከነዚህ ንግግሮች መካከል እውነትነት ያለው ቢገኝ እንኳ፣ ማስረጃው የተሰበሰበው ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ነው።

መንግሥታትም ቢሆኑ ሁለቱን ለመለየት ሞክረው ተቸግረዋል። በፕሩሲያ ንጉሥ የነበረው ታላቁ ፍሬድሪክ የአገሩ ገንዘብ በቡና ግዢ ወደ ውጭ መፍሰሱ ስላስቆጣው በ1781 ቡና መቁላትን በፈቃድ ብቻ አደረገና፣ ያለ ፈቃድ የሚቆላውን ቡና ጠረኑን እያነፈነፉ የሚያድኑ ጡረተኛ ወታደሮች ቀጠረ፤ ይህ ሥራ አዲስ አበባ ላይ ቢታወጅ የትኛው ቤት ቀርቶ የትኛው እንደሚያዝ ለማወቅ ያስቸግር ነበር። ከዚህ የረቀቀው ግን የስዊዘርላንድ ጉዳይ ነው። ስዊዘርላንድ ለጦርነት፣ ለወረርሽኝና ለተፈጥሮ አደጋ ቀን ስኳር፣ ሩዝ፣ የምግብ ዘይትና ቡና በመጠባበቂያነት ታስቀምጣለች፤ የቡናው ክምችት ወደ 15,300 ቶን ይደርስ ነበር። በ2019 መንግሥት ጉዳዩን መርምሮ፣ ቡና ካሎሪ ወይም ምግብነት ያለው ጉልበት ከሞላ ጎደል ስለሌለው ለሕይወት አስፈላጊ አይደለም በማለት ከዝርዝሩ ሊያወጣው አቀደ። ስሌቱ በሳይንስ እንከን አልነበረውም፤ ይሁን እንጂ ከነጋዴውም ከሕዝቡም ተቃውሞ ስለ በረታ ዕቅዱ በዚያው ዓመት እንዲዘገይ ተደረገ። መንግሥት ካሎሪ ቆጥሮ አስፈላጊ አይደለም ያለውን፣ ሕዝብ ካሎሪ ሳይቆጥር ያለ እሱ አይሆንም አለ።

በስዊዘርላንድ ሕዝብ ላይ ለመፍረድ የሚቸኩል ኢትዮጵያዊ የራሱን ታሪክ ቢያስታውስ ይረጋጋል። ቡና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች በቅሎ፣ በከፋና በአካባቢው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም፣ በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ የሚኖረው ክርስቲያን ለብዙ ዘመን አይጠጣውም ነበር፤ ካህናቱ ቡናን ከጫትና ከትንባሆ ጋር ደምረው የእስላም ልማድ ነው በማለት ይከለክሉ ነበርና። ክልከላው የላላው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ቡና መጠጣታቸውና ግብፃዊው ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ የካህናቱን ጥርጣሬ ለማለዘብ መጣራቸው ለዚህ ረድቷል። እንግዲህ ዛሬ «ያለ ቡና ቀኑ አይገፋም» የሚለው ቤተሰብ የሚወርደው፣ ቀኑን ያለ ቡና ሲገፉ፣ ሲያርሱ፣ ሲዘምቱና ቅኔ ሲቀኙ ከኖሩ አያቶች ነው። ከጥቂት ትውልድ በፊት አያቶች ያለ እሱ በጤና የኖሩበት ነገር ለሰውነት አስፈላጊ ሊሆን አይችልም፤ ሱስ ለመሆን ግን ሁለት ሳምንት ይበቃዋል።

ፍርዱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ቡና በሱስነት ተፈርዶበት ይወጣ ነበር። ዳሩ ግን የቡናውን ሥርዓት ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ በአንድ ረከቦት ላይ ሁለት ጉዳዮች አብረው እንደተቀመጡ ይታያል። ቡናው ታጥቦ በብረት ምጣድ ሲቆላ፣ ጭሱ ለተቀመጡት ሁሉ ሲዞር፣ ሙቀጫው ሲደለቅ፣ የቤቱ ልጅ ወደ ጎረቤት ይላካል፤ «እማማ፣ እናቴ ቡና ደርሷል፣ ይምጡ ብላለች» ይላል። «መጣሁ በላት፣ እኔስ ራሴን ፈልጦኝ ነው የዋለው» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ጎረቤቷ እስከዚህ ድረስ የምትናገረው ስለ ሱሷ ነው፤ የመጀመሪያው ሲኒ፣ አቦሉ፣ ሲቀዳላትም የራስ ምታቷ ጉዳይ ይጠናቀቃል። የካፌይን አብዛኛው ክፍል በመጀመሪያው ፍል ይወጣልና፣ ያንኑ አተላ ውኃ እየጨመሩ የሚያፈሉት ቶና ቀጭን፣ ሦስተኛው በረካ ደግሞ ቀለም የነካው ሙቅ ውኃ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው።

ሰውነቷ የፈለገውን በአቦሉ ካገኘ፣ ጎረቤቷ ተነሥታ መሄድ ነበረባት፤ ነገር ግን «በረካውን ሳይጠጡ የት ሊሄዱ ነው?» ትባላለች፤ እሷም ብትሆን ከልቧ አልተነሣችም። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ የታመመ ይጠየቃል፣ ዕቁብ ያልከፈለ ይነሣል፣ የተጣሉ ይታረቃሉ፣ አንዳንዴም ገና ያልተጣሉ ይጣላሉ። ለሀራራው የሚበቃው ካፌይን በኪኒን መልክ በፋርማሲ የሚሸጥባቸው አገሮች አሉ፤ ካፌይን የወጣለት ቡናም ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በገበያ ላይ ይገኛል። ኪኒኑን የወሰደ ሱሱን ያስታግሣል፣ ቡና አጣጪ ግን አያገኝም፤ ካፌይን የሌለውን ቡና አፍልቶ ጎረቤት የጠራ ደግሞ ሱሱን ሳያረካ ጎረቤቱን ያገኛል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 ስለ ማኅበራዊ ግንኙነት የሚመክር ኮሚሽን ያቋቋመው፣ ብቸኝነት እንደ ተራ ሐዘን ሳይሆን ጤናን እንደሚጎዳ ነገር መታየት ስላለበት ነው፤ የብቸኝነትም ጉዳት በዘጠኝ ቀን አይለቅም፣ በቆየ ቁጥር ይከፋል እንጂ። ስለዚህ በቡና ሥርዓት ውስጥ አቦሉ የሱስ ድርሻ ሲሆን፣ በረካው የአስፈላጊነት ድርሻ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ስልክም የሚመዘነው በዚሁ ሚዛን ነው። በ2021 ቴሌብር የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክና ሒሳብ መክፈል በስልክ የሚከናወን ስለሆነ፣ ስልክ አያስፈልግም የሚል ሰው ራሱ የመብራት ሒሳብ ለመክፈል ሰልፍ መያዝ ይኖርበታል። ነገር ግን ገንዘብ የላከ ሰው መላኩን የሚያረጋግጥ መልእክት ሲደርሰው ሥራው ያልቃል፤ ከዚያው ስልክ ላይ ቲክቶክ የከፈተ ሰው ግን ቪዲዮዎቹ ማለቂያ ስለሌላቸው የሚያስቆመው ወይ የባትሪው ማለቅ ወይ የዓይኑ መጨፈን ነው። አስፈላጊ ነገር «በቃ» የሚባልበት ቦታ አለው፤ ሱስ ይህን ቦታ አያውቀውም፤ በአንድ መሣሪያ ውስጥ አብረው ስለሚኖሩም ሰውየው ለሁለተኛው ያጠፋውን ሌሊት በመጀመሪያው ስም ያስመዘግባል።

እንግዲህ አንባቢ «ያለ እሱ አይሆንም» የሚለውን ነገር ሁሉ በአንድ ፈተና መመርመር ይችላል። እህልና ውኃን አይተው፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒትና ለረጅም ዘመን የተለመደን የአልኮል መጠጥም ያለ ሐኪም ምክር አይንካ፤ የቀረውን ግን ለአሥር ቀን ይተወው። በአሥረኛው ቀን ከመጀመሪያው ቀን የባሰ ሁኔታ ላይ ከተገኘ ነገሩ በእርግጥ አስፈላጊ ነውና ይመለስበት፤ የተሻለ ሁኔታ ላይ ከተገኘ ሱስ ነበር። ፈተናውን ዛሬ ይጀምረው ዘንድ ሲጠየቅ «ከነገ ጀምሮ» የሚል መልስ ከሰጠ ግን አሥሩን ቀን መቁጠር አያስፈልግም፤ ውጤቱ ታውቋል።